በጨረቃ ላይ የጋራ መብራት እንዴት ይዘረጋል? ከማጥፊያ ዝርዝሩ እንጀምር

አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ጊቢ የኖረ ሰው ይሄን ጽሑፍ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። እኔ ኖሬበታለሁ። አንዷ ምጣድ ስትጥድ የሌላው ቴሌቪዥን ድርግም ይላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወሩ ሲሞላ ደግሞ ሂሳቡ ላይ ጭቅጭቅ ነው። ሽቦው ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ንግግር ነበር። ማን ቀድሞ ያጥፋ? ማን ስንት ይክፈል? ምጣድ በስንት ሰዓት ይጣድ? ይሄን ቁጭ ብሎ የተነጋገረ ሰው አልነበረም።

በጨረቃ ላይ ለሚታሰቡት የምርምር ሰፈሮች የጋራ የኤሌክትሪክ መስመር እንዴት እንደሚነደፍ ማንበብ ስጀምር ያ ጊቢ ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሶላር ፓኔሉና ስለ ኒውክሌር ማብላያው ነው። እኔ ግን ዋናው ፈተና ያለው ሁለት ጎረቤታሞች በሚገናኙበት ሶኬት ላይ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ይሄን የንድፍ መመሪያ ከዚያ በኩል ነው የምጽፈው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ፣ ለምን የጋራ?

በጃንዋሪ 2024 ስሊም የሚባለው የጃፓን መንኮራኩር ጨረቃ ላይ አረፈ፣ ግን በአፍንጫው ተተክሎ ነበር። ፓኔሎቹ ወደ ምዕራብ ስለዞሩ ፀሐይ አላገኙም። ጥቂት ሰዓት በባትሪ ቆይቶ እንዲጠፋ ተደረገ፣ ከሳምንት በላይ ቆይታ ፀሐይዋ ዞራ ስትመጣለት ነው የነቃው። እሱስ እድለኛ ነው። በማርች 2025 አቴና የምትባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ደቡብ ዋልታው አካባቢ በጎኗ ወደቀች፣ ያውም ቀዝቃዛ ጉድጓድ ውስጥ። ባትሪዋን መሙላት ስላልቻለች ተልዕኮዋ በማግስቱ አለቀ። ሁለቱም ሌላ የኃይል ምንጭ አልነበራቸውም። እርግጥ በጎኑ የወደቀ መንኮራኩር ራሱን ሶኬት ላይ አይሰካም፣ ኬብል ጎትቶ የሚመጣለት ሮቨር (ጨረቃ ላይ የሚነዳ ተሽከርካሪ) ይፈልጋል። ግን ሐሳቡ ገብቷችኋል።

የተገናኘ መስመር ነፍስ ሲያተርፍም ታይቷል። ስካይላብ የሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ በሜይ 1973 ሲወነጨፍ አንዱ የፓኔል ክንፉ ተገንጥሎ ሄደ፣ ሌላው ደግሞ ተቀርቅሮ አልዘረጋ አለ። ጣቢያውን ያቆየው አብሮት የሄደው ቴሌስኮፕ ላይ የነበሩት ሌሎች አራት ፓኔሎች ኃይል ነው። ሁለቱ የኃይል ሥርዓቶች እንዲደጋገፉ ሆነው ባይሠሩ ኖሮ ጠፈርተኞቹ ደርሰው ክንፉን እስኪያላቅቁት የሚጠብቅ ነገር አይኖርም ነበር።

ደረጃ 1፦ የማጥፊያ ዝርዝር ጻፉ

ብዙ ሰው የሚጀምረው "ስንት ኪሎዋት እንፈልጋለን?" ብሎ ነው። እናንተ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሁለት ቁጥር ያዙ። አንዱ በደህና ቀን የሚበላው ነው። ሁለተኛው እንዳይሞት ብቻ የሚያስፈልገው። ሁለተኛው ቁጥር ነው ገንዘቡን የሚወስነው።

ለምሳሌ ያህል የራሴን ሰፈር ላቁም። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፦

- የአራት ሰው መኖሪያ፦ በደህና ቀን 10 ኪሎዋት፣ በችግር ቀን 4
- ከጨረቃ አፈር ኦክስጅን የሚያወጣ ፋብሪካ፦ 15፣ በችግር ቀን እንዳይቀዘቅዝ 1 ብቻ
- የሮቨሮች ቻርጅ ማድረጊያ፦ 2፣ በችግር ቀን 0.3
- የመገናኛ ማማ፦ 0.5፣ በችግር ቀንም ያው 0.5
- በእንግድነት የመጣ ትንሽ መንኮራኩር፦ 0.2፣ ያው 0.2

ደህና ቀን ሲደመር ወደ 28 ኪሎዋት ይመጣል። የችግር ቀኑ 6 ኪሎዋት ነው።

አሁን 100 ሰዓት ጨለማ መጣ እንበል። ሁሉም እንደ ደህና ቀን ልጠቀም ካለ 2,800 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል። ማሸጊያውን፣ ማሞቂያውንና ኤሌክትሮኒክሱን ጨምሮ አንድ ኪሎ ባትሪ 150 ዋት ሰዓት ይይዛል ብለን፣ ባትሪው እንዳይጎዳ 80 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም፣ ከ23 ቶን በላይ ባትሪ ማለት ነው። በችግር ቀኑ ቁጥር ብንሄድ 600 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፣ ክብደቱም 5 ቶን ነው። ልዩነቱ 18 ቶን። እስካሁን አንድ ሽቦ አልዘረጋንም፣ ማን ምን እንደሚያጥፋ ብቻ ነው የተስማማነው።

ፈረቃ የምናውቀው ሰዎች ይሄ አይደንቀንም። ልዩነቱ የጨረቃው ፈረቃ ገና ሳይገነባ መጻፉ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ደረጃ ይሰጠው። አየር ማጽጃና መገናኛ መቼም አይጠፋም። የፋብሪካው ምድጃ የመጀመሪያው ሟች ነው። ደግሞ ምድጃው ሲጠፋ ምን ያህል ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ባለቤቱን ጠይቁና ጻፉት። ግማሽ የቀለጠ አፈር ውስጡ ቢደርቅበት ሌላ ችግር ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በጥላው ምረጡ

ከዋልታዎቹ ራቅ ባለ አብዛኛው የጨረቃ ገጽ አንድ ሌሊት 15 የምድር ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም 354 ሰዓት። እዚያ በሶላርና በባትሪ ብቻ ልኑር ማለት ራስን ማድከም ነው። ሁሉም ሰው ደቡብ ዋልታን የሚያየው ለዚህ ነው። የጨረቃ ዘንግ ለፀሐይ የሚያዘነብለው በ1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዋልታው ላይ ፀሐይ ወደ ላይ አትወጣም፣ አድማሱን ታክካ ትዞራለች። ሻክልተን በሚባለው፣ 21 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ዙሪያ ያሉ አንዳንድ ጉብታዎች የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ያገኛሉ። የጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በረዶ ይገኝበታል ተብሎ የሚጠበቀው እዚያው ታች ነው። ስለዚህ መብራቱ ላይ፣ ሥራው ታች ይሆናል። ኬብል ከመዘርጋት ማምለጫ የለም።

ፀሐይ ከአድማስ ካልራቀች ፓኔል መሬት ላይ ማንጠፍ ዋጋ የለውም። እንደ ሰንደቅ ዓላማ ቆሞ ቀስ እያለ የሚዞር መሆን አለበት። ናሳ በ2022 ለአስትሮቦቲክ፣ ለሃኒቢ ሮቦቲክስና ለሎክሂድ ማርቲን በድምሩ 19.4 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው 10 ሜትር ገደማ የሚቆም እንዲህ ያለ ፓኔል እንዲሠሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጥላውን ርዝመት ነው። ፀሐይ 1.5 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን 10 ሜትር ምሰሶ ሜዳ ላይ የሚጥለው ጥላ 380 ሜትር ይደርሳል! ፀሐይዋ ደግሞ በወር አንዴ ሙሉ ዙር ትዞራለች። ስለዚህ ሁለት ምሰሶ የትም ብትተክሉ፣ ከተቀራረቡ በወር ሁለት ጊዜ ይጋረዳሉ። መጀመሪያ ይሄ ያንን፣ ቀጥሎ ያ ይሄንን። ፓኔሎቹ 4 ሜትር ስፋት ቢኖራቸውና በ50 ሜትር ቢራራቁ መጋረዱ 19 ሰዓት ገደማ ይቆያል። 300 ሜትር ካራራቃችኋቸው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ጎረቤታችሁ የሌላ አገር ከሆነና ምሰሶውን ያለ ምክክር ከተከለ፣ የናንተ መብራት በእሱ ጥላ ይጠፋል። የቦታ ካርታውን የጋራ አድርጉት፣ የሁሉም ምሰሶ፣ የሁሉም ጥላ፣ በየቀኑ የሚያልፍበት መስመር ይሳልበት።

ደረጃ 3፦ ምንጮቹን አደባልቁ

ይሄኛውን ቶሎ ልለፍ፣ ስለሱ የተጻፈው ብዙ ነው።

ፀሐይ ጨረቃ ላይ በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ትሰጣለች። 30 በመቶውን የሚቀይር ጥሩ የጠፈር ፓኔል ከዚያ 400 ዋት ያህል ያወጣል። የኛ ሰፈር 28 ኪሎዋት እየበላ ባትሪም መሙላት ስላለበት 40 ኪሎዋት ያዙ። በስሌት ወደ 100 ካሬ ሜትር ነው፣ አቧራውንና እርጅናውን ስትጨምሩ 120። ይሄን በአንድ ትልቅ ምሰሶ አትሥሩት። አራት ባለ 10 ኪሎዋት አድርጉት። አንዱ ቢሰበር ወይ ቢጋረድ 30 ይቀራችኋል፣ ሰፈሩም አይሰማውም።

ማብላያው ሌላ ጉዳይ ነው። በ2018 ኔቫዳ ውስጥ ኪሎፓወር የሚባል ትንሽ ማብላያ በመጨረሻው ፈተናው ለ28 ሰዓት ሠርቷል። በ2022 ናሳና የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት 40 ኪሎዋት ለሚሰጥ ማብላያ ንድፍ ለሦስት ቡድኖች ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጡ። በ2025 ናሳ ፍላጎቱን ወደ 100 ኪሎዋት አሳደገው። ቻይናና ሩሲያም በበኩላቸው ለጋራ ሰፈራቸው የኒውክሌር ጣቢያ አቅደዋል። ማብላያው ጨለማ አያስፈራውም፣ ጨረሩ ግን ሰው ያስፈራል። ስለዚህ ከመኖሪያው ወደ 1 ኪሎ ሜትር አርቁት፣ የአፈር ግድብም ሥሩለት። ያ 1 ኪሎ ሜትር ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወስደናል።

ደረጃ 4፦ ቮልቴጁን ወስኑ (እዚህ ጋ አትቸኩሉ)

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። 10 ኪሎዋት ኃይል 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ማድረስ እንፈልጋለን። በመንገድ ላይ እንዲባክን የምንፈቅደው 5 በመቶ ነው፣ 500 ዋት። ሽቦው አሉሚኒየም ነው፣ ሄዶ መልስ 2 ኪሎ ሜትር።

በ120 ቮልት እንሞክር። 10,000 ሲካፈል ለ120፣ 83 አምፒር ይሆናል። በ83 አምፒር 500 ዋት ብቻ እንዲባክን ሽቦው 780 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ መወፈር አለበት። ይሄ ሽቦ አይባልም፣ ዱላ ነው። ክብደቱ 4,200 ኪሎ ይመጣል፣ ያውም ያለ ሽፋኑ።

አሁን ቮልቴጁን አሥር እጥፍ አድርጉት፣ 1,200 ቮልት። አምፒሩ 8.3 ይሆናል። ክብደቱስ? 42 ኪሎ። አሥር እጥፍ ቮልቴጅ፣ መቶ እጥፍ ቅናሽ። በ3,000 ቮልት ደግሞ 7 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ከዚያ በላይ ብትሄዱ ጥቅሙ እያነሰ ይመጣል፣ ምክንያቱም ከሽቦው ይልቅ ሽፋኑና ቮልቴጅ መቀየሪያው መክበድ ይጀምራሉ። የቀጠነ ሽቦም ሲጎተት ይበጠሳል።

እንግዲህ ሁሉንም 3,000 ቮልት እናድርገው? ቆይ። ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው የመቀየሪያዎቹ ትራንዚስተር ነው፣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ትንሽ ዕቃ። ከጠፈር የሚመጡ ከባድ ቅንጣቶች ቮልቴጅ የተሸከመን ትራንዚስተር በአንድ ምት ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ስለዚህ 1,200 ቮልት ይችላል ተብሎ የተጻፈበትን ዕቃ እዚያ ስትወስዱት ከግማሹ በታች ነው የምታሠሩት። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ብዙ ትራንዚስተር በተከታታይ መደርደር ይመጣል።

ሁለተኛው ብልጭታ ነው። ንጹሕ ባዶ ቦታ ጥሩ መከላከያ ነው፣ የምድር አየርም እንዲሁ። አደጋው መሐል ላይ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ግን ጨርሶ ሳይጠፋ። በዚያ ሁኔታ ከ330 ቮልት ገደማ ጀምሮ ኤሌክትሪክ በሳሳው አየር ውስጥ መንገድ ያገኛል። ጨረቃ ላይ አየር የለም ትላላችሁ፣ ግን መኖሪያው ያንጠባጥባል፣ የሚያርፍ መንኮራኩር ጭስ ይረጫል፣ አዲስ ኬብል ራሱ ውስጡ የቀረውን አየር ቀስ እያለ ይተፋል። ስለዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበት ሣጥን ወይ ሙሉ በሙሉ ይደፈን፣ ወይ አየሩ ቶሎ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። መሐል ሰፋሪ አይሁን።

ሦስተኛው ሰው ነው። ጓንት ያደረገ ጠፈርተኛ የሚነካው ሶኬት 3,000 ቮልት እንዲሆን አልፈልግም።

የኔ ምርጫ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ቤት ውስጥና ሶኬት ላይ 120 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ)፣ በሰፈሮች መሐል ከ1,000 እስከ 3,000። 120ውን ከራሴ አላመጣሁትም። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አጋሮች ለጥልቅ ጠፈር ካወጧቸው የጋራ ስታንዳርዶች አንዱ የኃይል ነው፣ መሠረቱም 120 ቮልት ዲሲ ነው። ጣቢያው ራሱ በአሜሪካኖቹ ክፍል 160 ቮልት ገደማ ከፓኔል ይቀበልና ወደ 124 ያወርዳል። የሩሲያኖቹ ክፍል ግን 28 ቮልት ነው። ሁለቱ ለዓመታት ኃይል የሚለዋወጡት በመሐል በተቀመጡ መቀየሪያዎች ነው። ይሠራል፣ ግን እያንዳንዱ መቀየሪያ ክብደት ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሲበላሽም ራስ ምታት ነው።

ቮልቴጅ ላይ አለመነጋገር ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ወደ ጨረቃ ሰው ይዞ የሄደውን አፖሎ 13ን ይይ። የኦክስጅን ጋኑን ማሞቂያ የሚያጠፋው ማብሪያ ለ28 ቮልት የተሠራ ነበር። ማስወንጨፊያ ጣቢያው ግን የሚሰጠው 65 ቮልት ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ሲቀየር ማብሪያው ሳይቀየር ቀረ። በዝግጅት ጊዜ ማብሪያው ተበይዶ ቀረና ማሞቂያው አልጠፋ አለ፣ የሽቦው ሽፋን ተቃጠለ፣ በኤፕሪል 1970 ጋኑ መንገድ ላይ ፈነዳ። እነዚያን ሰዎች የመለሰውም የተጋራ ኃይል ነው። የማረፊያዋ መንኮራኩር ባትሪ በመገናኛ ኬብሉ በኩል ተገልብጦ የዋናዋን መንኮራኩር ባትሪ ሞላ። ኬብሉ በተለመደው ጊዜ ኃይል የሚያሳልፈው በሌላው አቅጣጫ ነበር። ስለዚህ ሶኬታችሁ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ይሁን። ይሄን አስምሩበት።

ኤሲ ወይስ ዲሲ? ኤሲ (አቅጣጫው በምት የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ) ትራንስፎርመር ስለሚጠቀም ቮልቴጅ መቀያየር ይቀለዋል፣ ድግግሞሹ ከፍ ሲልም ትራንስፎርመሩ ያንሳል። አውሮፕላኖች 400 ኸርዝ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። የጠፈር ጣቢያው መጀመሪያ ፍሪደም በሚባልበት ጊዜ 20 ኪሎኸርዝ ኤሲ ታስቦለት ነበር፣ ኋላ ተትቶ ዲሲ ሆነ። እኔ ለጋራ መስመር ዲሲ አደላለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፣ ሁለት ጎረቤት ለመገናኘት ምቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚገባው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ዲሲ መሆኑ የሁለቱ አገር መረቦች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምት እንዲሄዱ ያስችላቸዋል። ጨረቃ ላይም ጸባዩ ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ኬብሉን ዘርጉ፣ መሬቱን ግን አትመኑ

በኤፕሪል 1972 የአፖሎ 16ቱ ጠፈርተኛ ጆን ያንግ ጨረቃ ላይ እግሩ በኬብል ተጠለፈ። የሙቀት መለኪያው ኬብል ተበጠሰ፣ መለኪያውም በዚያው ቀረ። ተጠቅልሎ የሄደ ኬብል በዝቅተኛ ስበት መሬት ላይ ተኝቶ አይቀርም፣ ጥቅልሉን ያስታውስና እንደ እባብ ይነሳል። ወፍራም ጫማና ጓንት ያደረገ ሰው ደግሞ እግሩ ሥር ያለውን አያይም። መንገድ የሚያቋርጠውን ኬብል በአፈር ሸፍኑት ወይም በድንጋይ ያዙት። ሁሉንም ግን አትቅበሩ። የጨረቃ አፈር ሙቀት አያስተላልፍም፣ የተቀበረ ኬብል የራሱ ሙቀት ውስጡ ይከማችበታል። ከዋልታ ውጪ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በቀን 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሽቦው ተቃውሞ 40 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ስሌቱ ውስጥ አስገቡ።

ኤርዝ? እዚህ አገር ኤሌክትሪሻኑ ዘንግ ይቀብርና ዙሪያውን ጨውና ከሰል ያደርግበታል፣ ውሃም ያጠጣዋል። ጨረቃ ላይ ያ የለም። አፈሩ ደረቅ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዘንግ ብትተክሉበት ዘንጉ ቆሞ ይቀራል እንጂ ምንም አይሠራም። ስለዚህ የብረት አካል ያለውን ሁሉ በራሱ ሽቦ አያይዙ፣ መኖሪያው፣ ምሰሶው፣ ማብላያው፣ ፋብሪካው። ማሰሪያ ነጥቡ ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ይሁን። የሽፋን መላላትን ቀን ከሌት የሚለካ መሣሪያም አስገቡ፣ ምክንያቱም መሬት ያልነካ መስመር የመጀመሪያው ብልሽት አይሰማውም፣ ሁለተኛው ነው የሚያቃጥለው።

ሌላም አለ። ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ከፀሐይ በሚመጡ ቅንጣቶች በመቶ የሚቆጠር ቮልት ኔጋቲቭ ሊሞላ ይችላል። ከጉድጓድ የወጣ ሮቨር ሶኬት ሊሰካ ሲመጣ በመሐላቸው የቮልቴጅ ልዩነት አለ ማለት ነው። መፍትሔው አሮጌ ብልሃት ነው። የሶኬቱ ማሰሪያ እግር ከኃይል እግሮቹ ይርዘም። ሲሰካ ቀድሞ ይነካል፣ ሲነቀል መጨረሻ ይለቃል። ኃይሉ የሚለቀቀው ሁሉም ከተነካካ በኋላ ነው። አቧራው ስለታምና ተጣባቂ ስለሆነ ሶኬቱ ክዳን ይኑረው፣ አፉም ወደ ታች ይዙር።

ደረጃ 6፦ ብሬከሮቹ ሳይነጋገሩ እንዲግባቡ አድርጉ

ምልክት ከጨረቃ ምድር ደርሶ እስኪመለስ 2.6 ሰከንድ ይፈጃል። ሾርት ሰርኪት ያን ያህል አይጠብቅም። ዲሲ ላይ ደግሞ ከረንቱ በራሱ ዜሮን ስለማይነካ ብልጭታው ቶሎ አይጠፋም፣ ስለዚህ ተራ ብሬከር አይበቃም፣ በማይክሮ ሰከንድ የሚቆርጥ ኤሌክትሮኒክ ብሬከር ነው የሚያስፈልገው። ለችግሩ ቅርብ የሆነው ቀድሞ ይቁረጥ። መስመሩን ቀለበት አድርጉት፣ አንዱ ቦታ ሲቆረጥ ኃይሉ በዞረው ይመጣል።

ማን ይጥፋ የሚለውን ዝርዝር (ደረጃ 1ን አስታውሱ) በቮልቴጁ ራሱ ንገሩት። ኃይል ሲተርፍ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ይወርዳል። እያንዳንዱ ዕቃ የመገናኛ ኔትወርክ ሳያስፈልገው ይሄን ያነባል። 2 በመቶ ከፍ ካለ ሮቨሩ ቻርጅ ያድርግ። 3 በመቶ ከወረደ ምድጃው ይጥፋ። 6 በመቶ ከወረደ ነፍስ ማቆያ ብቻ ይቅር። ኔትወርኩ ቢሞትም ፈረቃው ይሠራል።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቃችሁ። ዘመናዊ መቀየሪያ ቮልቴጅ ሲወርድበት የሚፈልገውን ኃይል ላለማጣት ተጨማሪ ከረንት ይስባል። ያ ቮልቴጁን የባሰ ያወርደዋል። የሁለት አምራች መቀየሪያዎች ለየብቻ ሲፈተኑ ሰላም ናቸው፣ አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ግን ቮልቴጁ መወዛወዝ ይጀምራል። በወረቀት አትመኑት፣ አንድ ክፍል ውስጥ አገናኝታችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 7፦ ቆጣሪውና ውሉ

የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ጨረቃን ማንም አገር የኔ እንዳይል ይከለክላል፣ የተከለው ዕቃ ግን የባለቤቱ ሆኖ ይቀጥላል። በ2020 የተፈረመው፣ ስለ ጨረቃ ትብብር የሚናገረው የአርጤምስ ስምምነትም ፈራሚዎቹ ዕቃዎቻቸው እርስ በርስ እንዲሠሩ እንዲጥሩ ይላል። ዋጋ ግን አይወስንም። ያ የናንተ ሥራ ነው።

እኔ በኪሎዋት ሰዓት ብቻ ማስከፈልን አልደግፍም። ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ በጨለማው 90ኛ ሰዓት ደግሞ ወርቅ ነው። ሁለት ሂሳብ ያዙ። አንዱ ለተጠቀሙት። ሌላው በጨለማ ጊዜ ለተያዘላችሁ ድርሻ፣ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም። ቆጣሪው በሁለቱም አቅጣጫ ይቁጠር፣ ሁለቱም ጎረቤት ያንብበው። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አትርሱ፦ ነፍስ ለማዳን የተሰጠ ኃይል ቀድሞ ይሰጣል፣ ሂሳቡ በኋላ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ሁሉም ጠፍቶ ማስነሳትን ተለማመዱ

በ1985 ሳልዩት 7 የሚባለው የሶቪየት ጣቢያ ሰው ሳይኖርበት ሞተ። ባትሪው ሞልቷል ብሎ የሚዋሽ አንድ ሴንሰር ፓኔሎቹን ከባትሪዎቹ ነጥሏቸው ነበር። ጠፈርተኞቹ ድዣኒቤኮቭና ሳቪኒክ ሄደው ሲገቡ ጣቢያው በበረዶ ተሸፍኗል። ያደረጉት ምንድነው? ባትሪዎቹን ለይተው ፓኔሉ ላይ በቀጥታ አገናኙ፣ በራሳቸው መንኮራኩር ሞተር ጣቢያውን ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ከዚያ ጠበቁ። ቀስ በቀስ ነቃ።

ከዚህ ለንድፋችሁ ሁለት ነገር ውሰዱ። እያንዳንዱ ሰፈር ከዋናው መስመር የማይገናኝ፣ ሶፍትዌር ሊነቅለው የማይችል ትንሽ ፓኔልና ትንሽ ባትሪ ይኑረው፣ ሥራውም ማሞቅና መቆጣጠሪያውን መቀስቀስ ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚነሳው ቅደም ተከተል በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ መጀመሪያ የባትሪ ማሞቂያ፣ ቀጥሎ የአንድ ምሰሶ መቀየሪያ፣ ቀጥሎ መገናኛ፣ ከዚያ ቀለበቱ በየክፍሉ፣ ምድጃው በመጨረሻ። ሁሉንም በአንዴ ብታበሩት የመነሻ ከረንቱ ራሱ መልሶ ይጥላችኋል፣ መብራት ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ እንደሚጠብቀው ማለት ነው።

ፈተናውን ምድር ላይ በቀዝቃዛ ባዶ ክፍል ውስጥ ጀምሩት። ናሳ ዋትስ ኦን ዘ ሙን በሚል ውድድር የ3 ኪሎ ሜትር ማስተላለፊያን በዚያ መልክ ፈትኖ በ2024 ለአሸናፊው ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር ሸልሟል። እናንተ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩበት። ሁለቱ ጎረቤት ቡድኖች በተለያየ ክፍል ይቀመጡ፣ ሬዲዮውን ዝጉባቸው፣ ሳትነግሯቸው ዋናውን መስመር ቁረጡ፣ ሰዓት ያዙ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ እያነበቡ እስኪያበሩ ድረስ ማንም ከክፍሉ አይውጣ።